ወደ ቀኝ ትስባለች

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር ዛሬ ጀመርኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ስነዳ በየቀኑ መዝገብ ላይ አራት ነገር እጽፍ ነበር፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ብልሽት፣ የተወሰደ እርምጃ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከፊርማ በቀር የጻፍኩት የለም። አሁን ግን የሚመዘገብ ብልሽት መጣ።

ብልሽት፦ አሮጊቷ ወደ ቀኝ ትስባለች።

አሮጊቷ የምለው መኪናዬን ነው። ባለቤቴን አይደለም፤ ደብተሩን አግኝታ ካነበበችው ይህ መስመር ይመስክርልኝ። መኪናዋን ስገዛት ራሷ ያገለገለች ነበረች፤ ከእኔ ጋር ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሆናት። ልጄ የተወለደች ጊዜ ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣኋት በዚችው መኪና ነው። እኔ መሪ ይዤ፣ እናቷ ከኋላ አቅፋት። አሁን ልጄ ራሷ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ባሏ ሩቅ አገር ድልድይ ሥራ ላይ ስለሆነና እስከ ሰኔ ስለማይመለስ እኛ ጋ መጥታ ተቀምጣለች። ምጧ ሲመጣ የምወስዳት እኔ ነኝ ብያለሁ። ቃል ነው። ሐኪሞቹ ግንቦት አጋማሽ ብለዋታል፤ እስከዚያ መሪው መስተካከል አለበት።

የዛሬው ማስረጃ፦ ወደ ግቢ ስገባ የቀኝ ስፖኪዮ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተፋፍቆ ተላጠ። በዚህ በር ሃያ ስምንት ዓመት ገብቼ ወጥቻለሁ። ምሰሶው አልተንቀሳቀሰም። እኔም ያው ነኝ። የቀረችው እሷ ናት።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ጠዋት በክሪክ ፊቷን አነሳሁ። ጎማዎቹን በየተራ በሁለት እጄ ይዤ ነቀነቅኩ። መሪው ላልቷል፤ ሁለት ጣት ያህል ስታዞረው ጎማዎቹ ገና አልሰሙም። በዚህ ዕድሜ በመጀመሪያ ጥሪ የሚሰማ ማን አለ? የመሪውን ሳጥን ማስተካከያ በሩብ ዙር አጠበቅኩ። ግራሶ ሞላሁ።

ከሰዓት በኋላ በእግሬ የጡረተኛ ሾፌሮች ማኅበር ሄድኩ። ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ዳማ እንጫወታለን፣ የዛሬ ሾፌሮችን እናማለን። ሁለቴ ተበላሁ። ቀኝ ጥግ ላይ የነበረችውን ጠጠር ጭራሽ አላየኋትም። ጓደኛዬ ሰርቆ ያስገባት ይመስለኛል፤ ድሮም ትኬት ቆራጭ ሆኖ የጀመረ ሰው ነው።

መጋቢት 7፣ እሑድ

መሪው ጠብቋል። ግን አሁንም ወደ ቀኝ።

ዳቦ ቤቱ ጋ ስቆም የፊት ቀኝ ጎማ የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጣ። ባለቤቴ "ውይ!" አለች።

"ምን ውይ ትያለሽ? ስትስብ አታዪም?"

"አያለሁ" አለችና ዳቦ ልትገዛ ወረደች።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ከመሪው የሚመጣውን ዘንግ ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዙትን ኳሶች ለወጥኳቸው። የድሮዎቹ በጣት ይሽከረከሩ ነበር። ያግዘኝ ዘንድ ጎረቤቴን ባለቶርኖውን ጠራሁት። ከአጥራችን ማዶ አንድ ቶርኖ ይዞ ብረት ሲቀርጽ የሚውል ሰው ነው፤ ዝምታው ይመቸኛል። ዛሬ ግን ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ የሚስበው ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ?"

"ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው።"

"መሪውን ሲለቁትም?"

መሪ ለቅቄ እንደማላውቅ ነገርኩት። ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ አንድ ሰው ሳልነካ። ወደ ኳሶቹ ተመለሰ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

እንግዳ ነገር። ዛሬ ጠዋት ስገባባት ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ። መቀመጫው ወደፊት ተንሸራቷል። የመሀሉ መስታወትም የኋላውን መስኮት ሳይሆን ደረቴን ያሳያል። የመቀመጫው መያዣ ጥርስ አልቆ ይሆናል፤ ቁልቁል ስትቆም በራሱ እየተንሸራተተ። ወደ ሥራው ዝርዝር ገባ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

የፊት ሁለቱን ሾክ አብዞርበሮች ለወጥኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ጉድጓድ ላይ ስትወድቅ ድሮ ሦስት ጊዜ ትነጥር ነበር፤ አሁን አንዴ ብላ ትቀመጣለች። ይህ በእርግጥ መሻሻል ነው። ልጄን ሳስባት፣ ሆዷን ይዛ ስትንገጫገጭ፣ ለዚህ ብቻ እንኳ ያደረግኩት ልፋት አይቆጨኝም።

ስበቱ ግን አለ። የግራውንም የቀኙንም ጎማ ነፋስ ለካሁ፤ እኩል። ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ ቸርኬውን በእጄ ነካሁት፤ አይግልም።

ምሳ ላይ የውሃ ብርጭቆ ደፋሁ። ባለቤቴ ጠርጋ ሌላ ብርጭቆ ቀዳችና በግራዬ አስቀመጠችው። ግራኝ አይደለሁም። ጠጣሁት።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ዘዴ አገኘሁ። የፊት ጎማውን የሚይዘው የላይኛው ክንድ ከአካሏ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስስ ብረቶች ይገባሉ፤ አንድ ብትጨምር ጎማው የጸጉር ያህል ይዘነብላል። መኪና ደግሞ ወዳዘነበለው ትሄዳለች። ወደ ቀኝ የምትስብን መኪና በግራ በኩል ያለውን ጎማ በማዘንበል ትመልሳታለህ። አውቶቡስ ላይ እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ።

ባለቶርኖው አንድ ቆርጦ ሰጠኝ። ከመስጠቱ በፊት ግን መኪናዋን ልሞክራት አለኝና ሰፈሩን ዞሮ መጣ።

"ጋሼ፣ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።"

"አንተ መኪና የለህም፣ አልለመድክም።"

"የለኝም። ቢሆንም ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብዎ ብዬ ነው።"

ብረቷን ተቀብዬ በግራ በኩል አስገባኋት። እሱ ሥራው ብረት መቁረጥ ነው።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ትንሽ ተሻለ መሰለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ያው። ሁለተኛ ስስ ብረት።

ባለቤቴ ከዛሬ ጀምሮ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ከእኔ መቀመጫ በስተኋላ። "እግሬን እንድዘረጋ ነው" ትላለች። ሠላሳ ዓመት ከፊት ስትቀመጥ እግሯ የት ነበር? ልክ እንደ ታክሲ ነጂ እሷን ከኋላ ጭኜ ስሄድ ሰው ያየኛል። "የት ልውሰድሽ እመቤቴ?" ብዬ ቀለድኩ። ሳቀች፤ ግን ወደ ፊት አልመጣችም።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

መቀመጫው እንደገና ወደፊት። የመያዣውን ጥርስ ፈትቼ አየሁት፤ እንደ አዲስ ነው። ሥራ ዝርዝሬ ላይ የጻፍኩትን ሰረዝኩ።

ስቀመጥ ደግሞ የሆነ ነገር ወጋኝ። የስፌት መርፌ! ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቱ ሁሉ መርፌ ነው፣ ግን ሾፌር መቀመጫ ላይ? ከልብሴ ጋር ተያይዞ መጥቶ ይሆናል። ስነግራት ከማሽኗ ቀና ሳትል፣ "አይዞህ፣ ጨርቅ ባትሆን ነው እንጂ ትሰፋ ነበር" አለችኝ።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

በችኮላ። ትልቁ መታጠፊያ፣ የሲሚንቶው አጥር ጋ። ብስክሌተኛ ከቀኝ ዘሎ ወጣ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከመሬት እንደበቀለ ነው። ፓራፋንጎው ክርኑን ነካው እንጂ አልወደቀም። "ዓይንህ የት ነው አንተ ሽማግሌ?" ብሎ ጮኸ። ባለጌ። ወርጄ ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፤ ስድቡን ስሰማ ተውኩት።

ሦስተኛ ስስ ብረት። ባለቶርኖው "ለምን በግራ ብቻ?" አለ። "ቆርጠህ ስጠኝ" አልኩት።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ባለቶርኖው ዛሬ እንደገና ነዳት። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነው።

"አሁን ትስባለች ጋሼ። ወደ ግራ።"

"ወደ ቀኝ ማለትህ ነው።"

"ወደ ግራ። እጄን ባላላ ከወዲያ ከሚመጣው ጋር ታጋጨኝ ነበር።"

ባለቤቴ በመስኮት በኩል፣ "ወደ ግራ ነው፣ እውነቱን ነው" አለች።

እሷ ደግሞ በምን አወቀች? መንዳት ያስተማርኳት ልጃችን ሳትወለድ ነው። ፈቃድ አወጣች፣ በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤት አጥር ገጨች። በአንድ ቤት አንድ ሾፌር ይበቃል ብዬ ቁልፉን ተቀበልኳት። ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የመሪ ስበት የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እኔ ስነዳት ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ሌላ ሰው ሲነዳት ወደ ግራ። ይህንን ጽፌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ማኅበሩን ልተውና ሐሙስ አብረን እንሥራ ባልኩት ቁጥር ባለቶርኖው "ሐሙስ ከሰዓት አይመቸኝም" ይላል። ሁልጊዜ ሐሙስ። ሰውየው ምን ሥራ እንዳለው እንጃ።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ልጄን ለምርመራ ይዤ ወጣሁ። ከፊት ተቀመጠች፤ እናቷ ከኋላ ተቀመጪ ብትላትም "አባዬ ብቻውን እንዳይሆን" አለች።

ሆስፒታሉ ሊደርስ ሁለት መንገድ ሲቀረው። እግረኛ ማቋረጫ። ባዶ ነበር። አይቻለሁ፣ ባዶ ነበር። ልጄ "አባዬ!" ብላ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳይሆን ወደ እኔ ገፋችው። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ አግድም ቆመች።

ባልዲ የያዘች ሴትዮ ነበረች። ከቀኝ ነው የመጣችው። ባልዲው ተደፍቷል። ሴትዮዋ ደህና ናት። ልጄ ሁለቱንም እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ከዚያ፣ "አባዬ፣ ያኔ ታክሲ ብንጠራ ምን ይመስልሃል?" አለች። ቀስ ብላ፣ ልክ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው።

"መሪው ነው" አልኳት። "እያስተካከልኩት ነው።"

"እሺ አባዬ።"

ልጆች እሺ ሲሉህ ተወው ማለታቸው ነው።

ያው ዕለት፣ ማታ

አልተኛሁም። ያንን ማቋረጫ ደጋግሜ እነዳዋለሁ። እያንዳንዷን ነገር ልቆጥር እችላለሁ፦ በግራ ጋዜጣ ሻጩ፣ ቢጫ ጃንጥላ፣ ሁለት ተማሪዎች። በፊት ለፊት መብራቱ። በቀኝ ምንም። ሴትዮዋ ባልዲውን ከመንገዱ ላይ ስታነሳ አይቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የለችም። አውቶቡስ ስነዳ ሰልጣኞችን እንዲህ ነበር የምመክረው፦ "አላየሁም" የሚባል ምክንያት የለም፤ "አላየሁም" ማለት "አልተመለከትኩም" ማለት ነው። እኔ ግን ተመልክቻለሁ። መመልከቴን እምላለሁ።

ፈራሁ። ይህን ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ብቻ ይቀመጥ። ፈራሁ።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ከሰፌድ የማይለይ ቀጭን ግድግዳ ነው ያለን። ወደ ሽንት ቤት ስሄድ ሰማሁ።

ልጄ፦ "እማ፣ ንገሪው እንጂ። ሰው እስኪገድል ትጠብቂያለሽ?"

ባለቤቴ፦ "ሠላሳ ስድስት ዓመት መሪ ይዞ የኖረን ሰው ውረድ ልበለው? ራሱ ይድረስበት። ሊደርስበት ነው።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ እኔ ከኋላው ነኝ።"

ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ደብተር ላይ መዋሸት ምን ይጠቅማል?

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

የፊት ጎማዎችን አሰላለፍ በክር ልለካ ወሰንኩ። ይህ የማይዋሽ ዘዴ ነው። በመኪናዋ ሁለት ጎን፣ ከፊት እስከ ኋላ ክር በቁሙ ትወጥራለህ፤ ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና እስከ ኋላ ጠርዝ በማስመሪያ ትለካለህ። ከባለቤቴ ቀይ ክር ወሰድኩ፣ እንዲታይ።

የግራውን ጨረስኩ። ቁጥሩ ጥሩ ነው። ወደ ቀኙ ዞርኩ። በዚያ በኩል ከግድግዳው ጋር ስለሚያጣብቅ በግራ ጎኔ መተኛት ነበረብኝ። ግራ ጉንጬ መሬት ነካ፣ አቧራ እንዳይገባ ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። በቀኜ አነጣጠርኩ።

ክሩ የለም።

"ክሩን ማን ፈታው?" ብዬ ተጣራሁ።

"ማንም አልነካውም" አለች ባለቤቴ ከበረንዳው።

እጄን ሰደድኩ። ነካሁት። የተወጠረ፣ በጣቴ ስመታው እንደ ክራር የሚጮህ። በእጄ አለ። በዓይኔ የለም። ቸርኬውም የለም። ጭጋግ ብቻ፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ብርሃን።

ግራ ዓይኔን ከፈትኩ። ክሩ መጣ። ጨፈንኩ። ሄደ።

ስንት ጊዜ እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። አልተነሳሁም። መሬቱ ቀዝቃዛ ነው።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

አልነዳሁም።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ለብቻዬ በእግሬ ሄድኩ። ሐኪሟ ልጄን የምታህል ናት። በመሣሪያ አየችኝ፣ ነጠብጣብ አስቆጠረችኝ፣ ጠየቀችኝ።

"አባባ፣ ቀኝ ዓይንዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

መሪው ከላላ ጀምሮ ልላት ነበር።

በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ነው አለች፤ ቀስ እያለ ከዳር ይበላል፣ ሰው አይነቃም፣ ሌላው ዓይን ይሸፍንለታል። የሄደው አይመለስም። ግራው እንዲተርፍ ጠዋትና ማታ ጠብታ። ከዚያ ስለ መንዳት ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ "ሾፌር ነበርኩ" አልኳት። ነበርኩ ያልኩት እኔው ነኝ። አንገቷን ነቀነቀች።

ጠብታውን መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከካቻቢቴዎቹ ስር ደበቅኩት።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ሳጥኑን ብከፍት ጠብታው የለም። ምሳ ስቀርብ ከውሃ ብርጭቆዬ አጠገብ ተቀምጧል። በግራ በኩል። ባለቤቴ ስለ አንድ ቀሚስ እጅጌ ታወራ ነበር፣ ወሬዋን አላቋረጠችም። አንጋጥጬ አንጠባጠብኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ ንጋት በሁለት ወር ነው የጠራው። ደህና የነበረችን መኪና ፈታታሁ። ጥሩ የነበረውን አጣመምኩ፤ ለማላየው መንገድ መኪናዋን አጎበጥኳት። ለሦስት ስስ ብረት ስል ሰው ልገድል ነበር። ያ ብስክሌተኛ የጠየቀኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ከሁሉ የሚበላኝ ግን ይህ ነው፦ ልጄን ከነሆዷ ያስቀመጥኳት በቀኜ ነው። በማላይበት በኩል። ይህን መስመር ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ባለቤቴን "ነይ፣ ማስመሪያ ያዢ" አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ስትሰፋ የምታደርገውን መነጽሯን አድርጋ መጣች።

ሦስቱን ስስ ብረቶች አወጣኋቸው። ባለቶርኖውም አጥሩን ዞሮ መጣ፤ ብረቶቹን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ፣ ስለ ኩበት አላነሳም። ክሩን ወጠርን። እኔ ዳዶውን ፈትቼ ዘንጉን አዞራለሁ፣ እሷ ታነባለች።

"የፊቱ ስልሳ ስምንት። የኋላው ስልሳ ስድስት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እኔ የሰው ትከሻ ስለካ የኖርኩ ነኝ። አንተ አዙር።"

ሩብ ዙር አዞርኩ።

"ስልሳ ሰባት። ስልሳ ስድስት።"

"ተዪው። ፊቷን በአንድ ሚሊ ወደ ውስጥ ታስገባ፣ እንዲህ ነው ቀጥ የምትለው።" ዳዶውን አጠበቅኩ። በቀኝ በኩል ስንለካ በግራ ጎኗ መሬት ላይ የተኛችው እሷ ናት። ቀሚሷ አቧራ በአቧራ ሆነ። ዕድሜዋን ሳስበው አፈርኩ፣ ደስም አለኝ።

ባለቶርኖው ነድቷት መጣ። መሪውን ለቅቆ እጁን በመስኮት አወዛወዘልን።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ወደ ማኅበር ከመሄዴ በፊት ሦስት ነገር አደረግኩ። መቀመጫውን በሦስት ጥርስ ወደፊት ሳብኩ። የመሀሉን መስታወት ለአጭር ሰው ዝቅ አደረግኩ። ቁልፉን የባለቤቴ ስፌት ማሽን ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጥኩ።

ዳማ ተጫወትኩ። ቦርዱን ወደ ግራዬ አዙሬ አስቀመጥኩት። አንዴ አሸነፍኩ።

ስመለስ ሞተሩ ገና ትኩስ ነበር። ኮፈኑ ላይ እጄን አሳርፌ ቆየሁ። ባለቶርኖው ከአጥሩ ማዶ አየኝና ወደ ብረቱ ተመለሰ።

"ፈቃድሽ ግን" አልኳት ማታ።

"በጊዜው በጊዜው ሳሳድሰው ነው የኖርኩት" አለች። "አይተህ አታውቅም። ጠይቀህም አታውቅም።"

ሃያ ዘጠኝ ዓመት። ለአንድ አጥር።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ረፋድ ላይ። ልጄ በሩን ይዛ "እማ" አለች። አንዴ ብቻ።

ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ቆምን። ሁለቱም እኔን አዩኝ። ቃል የሰጠሁት እኔ ነኛ።

"ቁልፉ የት ነው?" አልኩ።

"ማሽኑ ላይ" አለች ባለቤቴ። "አንተ አይደለህ ያስቀመጥከው?"

አምጥቼ የሾፌሩን በር ከፈትኩ። ከፍቼም ያዝኩት። "ግቢ" አልኳት።

ከኋላ ከልጄ ጋር ተቀመጥኩ። እኔ በቀኝ ዳር፣ እሷ በግራዬ፣ በማያት በኩል። እጄን ያዘችው፣ አጥንቴ እስኪጮህ። ባለቤቴ ከበሩ ስትወጣ ምሰሶውን አልነካችም። ፍሬቻ አሳየች፣ ቀኝ አየች፣ ግራ አየች፣ እንደገና ቀኝ አየች። እንዲያ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አልረሳችም። ማቋረጫው ጋ ቆማ አንድ ሽማግሌ አሳለፈች። ትልቁ መታጠፊያ ሲደርስ እግሬ አንድ ጊዜ የሌለውን ፍሬን ረገጠ። ከዚያ ሁለቱንም ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናን በጀርባህ ታውቃታለህ፤ ዓይን አያስፈልግም። አልነጠረችም። ወደ ቀኝ አልሳበችም፣ ወደ ግራም አልሳበችም። እንደ ተወጠረ ክር ሄደች።

"አባዬ፣ ታለቅሳለህ እንዴ?" አለች ልጄ፣ በምጥ መሀል።

"ጠብታው ነው" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። እናቲቱም ደህና ናት።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ቀን፦ ከላይ ያለው። ሰዓት፦ ከምሳ በፊት። ሁለቱን ወደ ቤት አመጣናቸው። እንደዚያን ጊዜ ነው፣ በዚችው መኪና፤ ይዤ የመጣሁት ግን ሕፃኗን እንጂ መሪውን አይደለም። መንገዱን ሁሉ ተኝታ ነበር። ጉድጓድ ላይ ስንወድቅ እንኳ አልነቃችም፤ ሾክ አብዞርበሮቹ እኔ የለወጥኳቸው ናቸው፣ ይህ ይመዝገብልኝ።

ብልሽት፦ የለም።

ባለቤቴ ግቢ ውስጥ አስገብታ ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቀለች። ከዚያ ሳትዞር፣ "መቀመጫውን ወደ ኋላ ልመልስልህ?" አለችኝ።

"ተዪው" አልኳት።